«አይቻልም» የምንልበት ወረቀት ስጡን፤ ስለ ዳካታ ሸለቆ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በሐረር፣ በድሬዳዋና በምሥራቅ ሐረርጌ የቱሪዝም ሥራን ለምትመሩ፣
ድንኳን ጭናችሁ ወደ ባቢሌ ለምትወርዱ ወገኖቼም፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህን የምጽፈው ሐረር ሸዋ በር ካለው ቤታችን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የድንጋይ ቅርፊት አለ። ውፍረቱ ጣቴን ያህላል፤ ስፋቱ መዳፌን አይሞላም። አንዱ ፊቱ ግራጫ ነው፣ ዝናብና ፀሐይ ያጠቆረው። ሌላው ፊቱ ቀላ ያለ ነው፣ ገና ትኩስ። ይህ ቀላ ያለው ፊት ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት ተፈንቅሎ እስኪወድቅ ድረስ ብርሃን አይቶ አያውቅም ነበር። ሲወድቅ እዚያው ነበርኩ። እሳቱ ሲቀጣጠልም እዚያው ነበርኩ። የምጽፍላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ያለፈውን በጋ ከጥቅምት እስከ የካቲት በዳካታ ሸለቆ አጠገብ በተተከለ የድንኳን ካምፕ ሠርቻለሁ። የካምፑን ስም አልጠራም። የማወራው ስለ አንድ ባለቤት አይደለም፣ ነገሩ ከአንድ ሰው በላይ ነው።

ቦታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የጅግጅጋን መንገድ ይዛችሁ ከሐረር ስትወጡ፣ ቁልቁል ወደ ኤረር ትወርዳላችሁ። ከዚያ ተሻግራችሁ፣ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሆኑ ባቢሌ ናት። ለውዟን፣ ውሃዋን፣ ሰኞና ሐሙስ የሚቆመውን የግመል ገበያዋን የማያውቅ የሐረርጌ ሰው የለም። ከተማዋን አልፋችሁ ጥቂት ስትነዱ ግራና ቀኝ ድንጋዮቹ ይጀምራሉ። አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጧል። ቤት የሚያክለው ከእንጀራ ምጣድ በማይሰፋ ቦታ ላይ ቆሟል። አንዳንዱን ስታዩት አሁን የሚወድቅ ይመስላችኋል፤ ግን እናታችሁም አያታችሁም እዚያው አይተውታል። በመሐል ግራር አለ፣ ቁልቋል አለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀይ ኩይሳ አለ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ድንጋዮቹ ከግራጫ ወደ ቀይ ሲለወጡ ቆማችሁ ካላያችሁ፣ ሐረርጌን ገና ጨርሳችሁ አላያችሁም።

እንግዶች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነው። «ማን ነው የደረበው?» ማንም አልደረበውም። ግራናይት ነው። ድሮ መሬት ውስጥ ሳለ ቁልቁልም አግድምም ተሰነጣጠቀ። በስንጥቁ ውሃ ገባ። ውሃው መጀመሪያ የበላው ማዕዘኖቹን ነው፤ ስለዚህ አራት ማዕዘን የነበረው እየከበበ መጣ። በኋላ አፈሩን ጎርፍ ሲያጥበው ድንጋዮቹ በነበሩበት ቀሩ፣ እንደተደራረቡ። ቀን ፀሐዩ ያግላቸዋል፣ ሌሊት ብርዱ ያቀዘቅዛቸዋል፤ ከላይ እንደ ሽንኩርት ይላጣሉ። ይህን ስነግራቸው ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል። አዋቂዎች ትንሽ ይጠራጠራሉ፣ ግን መጨረሻ ላይ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ዝም ይላሉ። የሥራዬ ደስታ ያ ዝምታ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ዝሆን ነው። ብዙ ሰው ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ዝሆን የሚያይ ይመስለዋል። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ትልቅ አገር ነው። ዝሆኖቹ ያሉት በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ነው፤ ለማየት መሪ ይዞ ብዙ መሄድ ይጠይቃል። አስጎብኚዎች፣ እባካችሁ ሰው ከመነሳቱ በፊት ይህን ንገሩት። ተበሳጭቶ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ሥራችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። እሳት እናነዳለን፣ ውሃ እንጥዳለን፣ ቁጢ፣ ማለትም የቡና ቅጠል፣ በወተት እናፈላለን። ማብሰያ ቤቱን የሚይዙት እማማ የምንላቸው እናት ናቸው። ውሃ ከባቢሌ በጀሪካን ይመጣል፣ አንዳንዴ በባጃጅ፣ አንዳንዴ በአህያ። በዓል ሲሆን 40 ሰው ለሁለት ሽንት ቤት ይሰለፋል። ይህን ሁሉ ለማማረር አልጠቅሰውም። ሥራ ነው፣ እወደው ነበር። እንግዳ ተቀብሎ ማስተናገድ ለሐረር ልጅ ከቤት የሚወጣ ነገር ነው።

ከብዶኝ የነበረው ሌላ ነው። ጉዳቱን መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ፤ «ተው» ለማለት ግን መብት የለኝም።

ያቺን ሌሊት ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 20 ነው። ቁልቢ ገብርኤል የነገሠው በዋዜማው ስለነበር መንገዱ በሙሉ ተሳላሚ ነው። ስለታቸውን አድርሰው ሲመለሱ «እዚህ ድረስ መጥተን ሐረርን፣ ባቢሌንም ሳናይ አንሄድም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ደስ የሚሉ እንግዶች ናቸው፤ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፣ ይመርቁናል። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ግን ሌላ ቡድን በሁለት መኪና መጣ። ነፋስ ነበር። የካምፑ እሳት ማንደጃ ሜዳው ላይ ነው፤ እነሱ ግን ነፋሱን ሽሽት አንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ገቡ። ድንጋዩ ከላይ ጎንበስ ያለ ነው፣ እንደ በረንዳ። እዚያ ማገዶ ከመሩ።

ሄድኩና «ጋሼ፣ እዚህ እሳት አይነድም፤ ድንጋዩ ይጎዳል፤ ሜዳው ላይ እኔ አነድላችኋለሁ» አልኩ።

አንደኛው ቀና ብሎ አየኝና «አንቺ ማነሽ?» አለኝ።

በቁጣ አይደለም ያለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀው። እኔም መልስ አጣሁ። ባጅ የለኝም። ዩኒፎርም የለኝም። ቦታው ላይ የተጻፈ ደንብ የለም፣ «ይኸው አንብቡ» የምለው ሰሌዳ የለም። ወደ አለቃዬ ደወልኩ። «እንግዳ አታስቀይሚ፣ ከፍለው ነው የገቡት» አለኝና ዘጋ። እሳቱ ተቀጣጠለ።

ግራናይት ጠንካራ ነው ብለን እሳት የማይነካው ይመስለናል። አይደለም። ውስጡ የተለያየ ማዕድን አለ። ኳርትዙ ሲሞቅ ከሌሎቹ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ድንጋዩ ከውስጥ እርስ በርሱ ይገፋፋል። ከላይ ያለው ሲግል፣ ከውስጥ ያለው ደግሞ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ይፈነቀላል። እኔ ይህን በትምህርት ቤት ሰምቼው ነበር። ያን ሌሊት ግን በጆሮዬ ሰማሁት። ጧ! ይላል። ፈንዲሻ እንደሚፈነዳ ነው፣ ግን ወፈር ያለ። እነሱ ማገዶው መስሏቸው ሳቁ። ጧ! ደግሞ። ድንኳኔ ውስጥ ተኝቼ ቆጠርኩ። 11 ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

ጠዋት ስሄድ አመዱ ላይ ቅርፊቶች ተበትነዋል። ድንጋዩ ግንባሩ ላይ ቀላ ያለ ቁስል ወጥቶበታል፣ ሰፌድ የሚያክል። ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሯል። አንዱን ቅርፊት አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። አሁን እየነካሁት ነው የምጽፈው።

በጥር ደግሞ ቀለም መጣ። አንድ ሰው ሊያድር መጥቶ የራሱንና የፍቅረኛውን ስም በሚረጭ ቀለም ጽፎ ሄደ። ልብም ስሎበታል። አለቃዬ አጥፉት አለን። የሽቦ ብሩሽና ቤንዚን ሰጠን። እኔና አንድ የሰፈሩ ፍየል ጠባቂ ልጅ ግማሽ ቀን ፈተግን። ቀለሙ ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ አይወጣም። የወጣው ግራጫው ቆዳ ነው። ፈትገን ስንጨርስ ስሙ አሁንም ይነበባል፣ በዙሪያው ደግሞ ከጽሑፉ የሚሰፋ ንጣት ተጨመረ። እኔም አበላሸሁት ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

የልጁ አያት ከብቶቻቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆመው አዩ። ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔም እችላለሁ። ማን እንደጻፈው ነገርኳቸው። ድንጋዩን አይተው፣ እኔን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «አንቺ እያለሽ?»

እንግዳው «አንቺ ማነሽ?» አለኝ። ሽማግሌው «አንቺ እያለሽ?» አሉኝ። በሁለቱ መሐል ነው አምስት ወር የሠራሁት።

እስቲ ጀጎልን አስቡ። ግንባችን ላይ ስሙን ሊጽፍ የሚነሳ ቢኖር፣ ከሱቅጣጥ በር ቅርጫት ይዘው የሚወጡ እናት ሁሉ «ኧረ ምን ሆነሃል!» ይሉታል። ወረቀት አያስፈልጋቸውም። ከተማው የእነሱ ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በዓላችን ሹዋሊድም በ2016 ዓ.ም. ሲመዘገብ እልል ያልነው ስለዚህ ነው፤ የራሳችንን ስለምናውቅ። ዳካታ ላይ ግን የሚያልፉት እናቶች ባለቤት መሆናቸውን ለእንግዳው የነገረው የለም። ላንድክሩዘር ይዞ የመጣ ሰው ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ቢከለክለው አይሰማም። እኔንም አልሰማኝም።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ሥራ ስጀምር ውል አልተፈረመም፤ በቃል ነው። ሳምንታዊ እረፍት በገበያ ቀን «ትንሽ ወጣ ብለሽ ተመለሺ» ነበር። የመጨረሻውን ወር ደሞዝ ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። የሥራ ልምድ ስጠይቅ «የወቅት ሠራተኛ ምን የሥራ ልምድ አለው» ተባልኩ። እኔም ያኔ አመንኩ። በኋላ አዋጁን አነበብኩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወቅት ሥራን ያውቀዋል፤ በየዓመቱ እየተመላለሰ በተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ብሎ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል ጽፎ፣ ፈርሞ ይሰጣል ይላል። በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ እረፍት አለ። የሌሊት ትርፍ ሰዓት በአንድ ከሦስት አራተኛ ተባዝቶ ይከፈላል። ሥራው ሲያበቃ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። እኛ ልጆች ይህን ባለማወቃችን ነው ዝም ያልነው። ዘንድሮ ካምፕ የምትገቡ፣ መጀመሪያ አንብቡት።

ይህን ከድንጋዩ ጋር ለምን አገናኘሁት? የተገናኘ ስለሆነ ነው። ውል የሌለው ሠራተኛ ነገ ሊባረር ይችላል። ነገ ሊባረር የሚችል ሰው ለከፈለ እንግዳ «አይቻልም» አይልም። እሳቱ ድንጋዩ ሥር የነደደው ነፋስ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ እኔ ደሞዜን ስለፈራሁም ነው። ያቺን ሌሊት ሁለተኛ ጊዜ ሄጄ መናገር እችል ነበር። አልሄድኩም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለካምፕ ፈቃድ ስትሰጡ የድንኳኑን ብዛት ብቻ አትጠይቁ። «እንግዳውን የሚከለክል ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚያ ሰው ባጅ ስጡት፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስጡት፣ ደንቡን ጣሱ ሲል የሚደውልበት ቁጥር ስጡት። በዝሆኖቹ መጠለያ ስካውቶች፣ ማለትም ጠባቂዎች፣ አሉ፤ ሰው ይሰማቸዋል። እኛ በነበርንበት ቦታ በአምስት ወር አንድም ስካውት አላየሁም። ሰውም ከሩቅ አትፈልጉ። ያ ፍየል ጠባቂ ልጅ የትኛው ድንጋይ የት እንዳለ፣ ጅቡ በየት እንደሚያልፍ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ያውቃል። በበልግ ዝናብ ድንኳን የማይተከልበትን ቦታ ለእኛ ያሳየን እሱ ነው። እሱ ሠራተኛ ይሁን፣ እህቱም ትሁን። ደንቡ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ ይጻፍና መግቢያው ላይ ይቁም። የእሳት ቦታ ከድንጋዮቹ ርቆ በድንጋይ ክብ ይታጠር። ሽንት ቤትና ውሃ ሳይኖር ለበዓል 40 ሰው ማስገባት ይከልከል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ እንግዳው መግቢያ ከፍሎ ደረሰኝ ቢሰጠው አይከፋም። ብዙዎቹ ጠይቀውኛል፣ «ለቦታው የሚከፈል የለም?» እያሉ።

እናንተ እንግዶች ደግሞ፣ ኑ። ከልቤ ነው የምላችሁ። ድሬዎች፣ እናንተ ሙቀት ስለለመዳችሁ ሌሊቱ ይበርዳችኋል፤ ጋቢ አትርሱ። የጫት ገራባውን ድንኳን ሥር ጥላችሁ አትሂዱ። ፌስታል አትያዙ፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ከልክሎታል። ግራር እሾህ ላይ የተሰቀለው ፌስታል ስታዩት ቀላል ነገር ይመስላል። አንዲት እናት ካረዷት ፍየል ሆድ ያወጡትን አሳይተውኛል። እንደ ገመድ የተጠቀለለ ነው፣ ሁለት እጄን ሞላ። ያቺ ፍየል ለእሳቸው የትምህርት ቤት ደብተር ነበረች። ሥጋ ስትበሉ አጥንቱን ለጅብ አትወርውሩ። ሐረር ጅብ ይመገባል ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። እዚያ የሚመግቡት ሰዎች ግን ከጅቦቹ ጋር ዕድሜ ልካቸውን የኖሩ ናቸው። ካምፕ ውስጥ የለመደ ጅብ ነገ የሚመጣው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው፤ የሚያገኘውም እማማን ነው።

ድንጋዩ ላይ መውጣት የሚያምራችሁ ወጣቶች፣ ከሥሩ ሆናችሁም ፎቶው ያምራል። ስማችሁን መጻፍ ካማራችሁ ለእኔ ንገሩኝ። የካምፑ መዝገብ ላይ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ እኔ እጽፍላችኋለሁ።

ዘንድሮም ጥቅምት ሲገባ መመለስ እፈልጋለሁ። እማማም ይመለሳሉ፤ ልጁ ከዚያው ነው፣ የትም አይሄድም። ቢሯችሁ በር ላይ ቅርፊቱን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ እመጣለሁ። እጃችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ሁለቱንም ፊቱን እንድታዩት። ከቢሯችሁ ባጅና ውል ይዤ ብመለስ፣ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሽማግሌው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለፈው በጋ በዳካታ የሠራች የወቅት ሠራተኛ
ሐረር